ሦስተኛው ፉርጎ

ላኪዋ በዋናው በር መግባት ካቆመች ሰነባብታለች። ሠራተኛው ሁሉ በፊት ለፊት፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ እየተሳሳቀ ሲገባ እሷ መጫወቻ ቦታውን በጀርባ ዞራ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹን አልፋ፣ ድንች የሚጠበስበትን ወጥ ቤት ሰንጥቃ ነው የምትገባው። ድንች ጠባሾቹ መጀመሪያ ላይ ርቧት የመጣች መስሏቸው አንድ ጭልፋ ይዘግኑላት ነበር። ኋላ ግን "ኃላፊ ስትሆን ጊዜ የግሏን በር አወጣች" ብለው አሟት። ቢያሟትም ግድ የላትም። በዋናው በር ብትገባ የሚጠብቃት ከሐሜት የከፋ ነገር ነው። ጋሽ ዝግታ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ በመኪኖቹ መሀል ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ፈገግ ብለው "ደህና አደርሽ ልጄ?" ይሏታል።

እሳቸውን ለምን እንደምትሸሽ ለመናገር ከዘንዶው መጀመር ግድ ነው። ዘንዶው ከቦታው ጨዋታዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ሐዲዱ በብረት ምሰሶ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል፤ በላዩ ላይ ስምንት ስምንት ሰው የሚይዙ ፉርጎዎች ይሮጡበታል። ፉርጎውን ሰንሰለት እየጎተተ ጫፍ ድረስ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰንሰለቱም አያውቅም፣ ተሳፋሪውም አያውቅም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሳበት መሳፈሪያ ይመለሳል። መሳፈሪያው ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ሠራተኞች ይቆማሉ። ሰዉን ያስቀምጣሉ፣ ጭኑ ላይ ማቀፊያውን ብረት ያወርዳሉ፣ መቆለፉን በእጃቸው ስበው ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ያነሳሉ። በግራ ያለው አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል፤ ስለዚህ ላኪ ይባላል። እሷ በግራ በኩል ብዙ ዘመን ከመቆሟ የተነሳ ሰው ሁሉ ላኪ እያለ ለምዶ፣ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ሆኗል።

ዘንዶው ሥራ ሲጀምር በሁለት ፉርጎ ነበር። አንዱ ሲዞር አንዱ ይጭናል፤ የዞረው ሲመለስ የጫነው ይነሳል። የመሳፈሪያው ሰዎች ከዘገዩ ግን የተመለሰው ፉርጎ መግባት አይችልም። ከመሳፈሪያው በቅርብ ርቀት ፍሬን ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ ጉድ ነው። አሁን በደስታ ሲጮኽ የነበረ ሰው ሁሉ ብረት ታቅፎ ፀሐይ ላይ ተገትሮ፣ ደስታው ጥሎት ይሄድና መሳደብ ይጀምራል።

ላኪዋ ሥራ የጀመረች ሰሞን ይህ ስድብ ሁሉ የሷ ነበር። አራስነቷን ገና መጨረሷ ነበር፤ ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስባት ታድርና በእንቅልፍ እጦት ዓይኗ ድልህ መስሎ ትገባለች። ብረቱን ትስባለች፣ ትሄዳለች፣ እጇ አላምን ይላትና ተመልሳ ደግሞ ትስባለች። አንድ ሰው ከላይ ቢወድቅስ የሚለው ሐሳብ እንደያዛት ነበር። ፉርጎው ፍሬን ላይ ይቆማል፣ ሰዉ ይጮኻል፣ እሷም የባሰ ትደናገራለች። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ይህ ሰው በቀን ውስጥ "ፈጠን፣ ፈጠን በሉ" ከሚለው ሌላ የሚለው ስለሌለው ሠራተኛው በስውር አቶ ፈጠን ይለዋል።

"ማነው የሚያዘገየው?" አለ።

ላኪዋ የያዘችውን ብረት ለቀቀች። ሙከራ ላይ ነበረች፤ አንድ ጥፋት ከተገኘባት መሰናበቷ ነው። ቤት ደግሞ ከሕፃኗና ከእናቷ በቀር ማንም አልነበራትም። 

"እኔ ነኝ" አሉ በቀኝ በኩል ያሉት ሰውዬ። ያኔ ጋሼ ነበር የሚባሉት፣ ሌላ ቅጽል አልነበራቸውም። ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙና "ይኸው ጉልበቴ፣ ስጎነበስ እሺ አይለኝም። ሲሞቅ ይለቀኛል" አሉ። ለማስረጃም ሁለት ሦስት ጊዜ አነከሱ።

ጉልበታቸው እስከ ዛሬ ታሞ አያውቅም። አቶ ፈጠን ግን አመነ፤ ጠንከር ያለ ቃል ተናግሯቸው ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ዝግታ ሆነው ቀሩ። ስሙ ከአለቃው ቢሮ ወጥቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንች ጠባሾቹ ጋ ደረሰ። እሳቸውም ውሸታቸውን በትጋት አሳደጉት። አቶ ፈጠን ደረጃውን ሲወጣ የጫማውን ኮቴ ሰምተው ያነክሳሉ፣ ሲወርድ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። አንዳንዴ የትኛው እግር እንደሆነ ይረሱና ሌላኛውን ያነክሳሉ፤ ላኪዋ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዙራ በሳቅ ትሞታለች።

የዚያን ቀን አለቃው እንደወረደ፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው አየሩን ዝቅ ዝቅ አደረጉላት። ቀስ፣ አትቸኩዪ ማለታቸው ነበር። "ሁለቴ ሳቢ፣ ሁለቴ መሳብ ነውር አይደለም። አንዱ ለብረቱ ነው፣ አንዱ ታች ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ብቻ ሄደሽ አትመለሺ፣ እዚያው ጨርሺ" አሏት። እሷም እዚያው መጨረስ ለመደች። እጇ ፈጠነ፣ ፍርሃቷ ቀለለ፣ ሙከራውን አለፈች። ጋሽ ዝግታ ግን ጋሽ ዝግታ ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ፉርጎ እንምጣ። ይህ ፉርጎ ዘንዶው ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሶ፣ ድመት ወልዳበት፣ ተረስቶ ይኖር ነበር። በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰልፉ እስከ አይስክሬም ሻጩ ድረስ ይደርሳል። ሰው ልጁን ይዞ ቆሞ ቆሞ፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ እናትየው ስትነጫነጭ፣ ሳይሳፈር ይመለሳል። አቶ ፈጠን ሠራተኛውን ሰብስቦ "መላ ምቱ" አለ። ላኪዋ ተነሳች።

"ሦስተኛው ፉርጎ ይውጣ" አለች። "ሁለቱ አሥራ ስድስት ሰው ነው የሚይዙት። ሦስት ሲሆኑ ሃያ አራት ይሆናል። ሰልፉ ራሱ ያጥራል።"

ሒሳቡን ለማንም ብትነግረው ትክክል ነው ይላታል። አቶ ፈጠን ጠረጴዛውን መታ፤ "ይቺን ልጅ እዩልኝ! እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እሷም ደረቷ ነፋ አለ፤ እንዲህ ተጨብጭቦላት አያውቅም። ከስብሰባው በኋላ ለብቻዋ ጠርቶ፣ ይህ ነገር ከሠራ የዘንዶው ኃላፊ እንደሚያደርጋት ነገራት። ኃላፊ ከሆነች የጠዋት ፈረቃ ብቻ ትሠራለች ማለት ነው። ልጇ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። እናቷ ደግሞ እግሯን መታመም ከጀመረች ወዲህ ልጅቷን የሚያመጣት የለም፤ ዘወትር የመጨረሻዋ ተወሳጅ ሆና፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ከዘበኛው ጋር በር ላይ ተቀምጣ ነው የምትገኘው። ዘበኛው ሰልችቶት አንድ ቀን "እሜቴ፣ ይቺ ልጅ ቀለብ ይቆረጥላት ወይስ ትወስጃታለሽ?" ብሏት ነበር። እሷም እንደ ቀልድ ስቃ ወሰደቻት፤ ቤቷ ገብታ ግን አልቅሳለች።

ሦስተኛው ፉርጎ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ድመቷ ከነልጆቿ ቤት ተለውጦላት፣ ሐዲድ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ቀን አቶ ፈጠን ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ሰዉን ይመለከት ጀመር። ሰልፉ ግን ፍንክች አላለም። ሦስተኛው ፉርጎ ዞሮ ይመጣል፣ ፍሬን ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ይመጣል፣ ከኋላው ይቆማል። ሰዉ ብረት ታቅፎ ፀሐይ ላይ ይንቃቃል። መሳፈሪያው ላይ የሚሆነው እንደ ትናንቱ ነው፤ ስምንት ሰው ይወርዳል፣ ስምንት ሰው ይቀመጣል፣ ብረቱ ይሳባል፣ ይሄዳል።

ላኪዋ እኩለ ቀን ሳይሆን ገባት። ሲገባትም ላብ አጠመቃት። መሳፈሪያው አንድ ነው። ከኋላ ሁለት ፉርጎ ቢመጣ አሥር ቢመጣ፣ መሳፈሪያው የሚያወጣው የፊተኛው ተጭኖ ሲያልቅ ብቻ ነው። ፉርጎ ሲጨመር የሚጨመረው ቆሞ የሚጠብቀው ነው እንጂ የሚሄደው አይደለም። እሷ ስብሰባ ላይ የቆጠረችው ወንበር ነበር፤ መቁጠር የነበረባት ግን እጅ ነው። ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባት ራሷ ናት፤ ዕድሜዋን የፈጀችው እዚያው መሳፈሪያ ላይ አይደል!

አቶ ፈጠን ደረጃውን ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

"ሦስት ፉርጎ አውጥተን ሰልፉ ለምንድነው ያላጠረው? ማነው የሚያዘገየው?"

ጋሽ ዝግታ በቀኝ በኩል ጎንበስ ብለው፣ የፈራ ልጅ ጆሮ ሥር የሆነ ነገር እያወሩ ነበር። ልጁ በእንባው መሀል መሳቅ ጀምሯል። አልሰሙም። ኮቴውንም ስላልሰሙ ማንከሱንም ረስተውታል።

ሒሳቤ ተሳስቷል ማለት ሁለት ቃል ነው። ላኪዋ ሁለቱም ቃላት አፏ ውስጥ ነበሩ። ግን ጭብጨባው ትዝ አላት፣ ዘበኛው ትዝ አላት፣ ልጇ ቦርሳዋን ታቅፋ የምትቀመጥበት ድንጋይ ትዝ አላት። ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በአገጯ ወደ ቀኝ አመለከተች።

"ጋሼ ናቸው" አለች። "ያው... ጉልበታቸውን ያውቁታል።"

አቶ ፈጠን የሚያውቀውን ነገር እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀና ወረደ። ምንም አልጠየቀም። ምን ይጠይቃል? ዘመኑን ሙሉ ጋሽ ዝግታ ሲባል ሰምቷል። ላኪዋ ግን ያለችውን ቃል ከአፏ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ሰማችው። ያ ጉልበት ለሷ ሲባል የታመመ ጉልበት ነበር። ያደኗትን ውሸት አንስታ እሳቸውኑ መታችበት።

በማግስቱ ጋሽ ዝግታ ወደ መኪና ማቆሚያው ተዛወሩ። ደብዳቤውን የሰጣቸው ሰው "ለጉልበትዎ ታስቦ ነው፣ ያርፍልዎታል" አላቸው። ጉልበት እንዲያርፍ ተብሎ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ የሚያስቆሙት በዚህ ቤት ብቻ ነው። እሳቸው ግን አልተከራከሩም። ብረት ሲግል የሚያደርጉትን የቆዳ ጓንት አወለቁና ለላኪዋ ሰጧት።

"ያንቺው ጣቱ ተቀዷል፣ አይቼዋለሁ" አሏት። "ይኸኛው ገና ነው።"

ተቀበለቻቸው። ምን ታድርግ? አልቀበልም ብትል ለምን ሊሏት ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቱ ግን ብረት ነበር።

በእሳቸው ቦታ ጥይት የሚሉት ጎረምሳ መጣ። ስሙን ያወጣለት የእጁ ፍጥነት ነው። ብረቱን አውርዶ አንዴ መታ ያደርገዋል፣ አውራ ጣቱ ከመቅጽበት ይነሳል። ላኪዋ ኃላፊ ስትሆን በግራ በኩልም የሱ ቢጤ ሌላ ተተካ፤ ሁለቱ ውድድር የያዙ ነው የሚመስሉት። አቶ ፈጠንም "አንዴ መሳብ ይበቃል፣ ዘንዶውን የሠራው ፋብሪካ ሁለቴ አላለም" ብሎ አወጀላቸው። ፉርጎዎቹ ፍሬን ላይ መቆማቸው ቀነሰ፣ ሰልፉ አጠረ። በሚቀጥለው ስብሰባ አቶ ፈጠን ላኪዋን አስነስቶ "ሦስተኛው ፉርጎ ሠራ!" አለ። እንደገና ተጨበጨበላት። እሷ ግን የሠራው ሦስተኛው ፉርጎ እንዳልሆነ ታውቃለች። የሠራው የሁለተኛው መሳብ መቅረት ነው። ይህንንም አልተናገረችም። ሰው አንዴ ዝም ካለ በኋላ ሁለተኛው ዝምታ እንዴት እንደሚቀል ስታየው ራሷን ታዘበች።

ልጇን አሁን በሰዓቱ ትወስዳለች። ልጅቷ ከሩቅ ስታያት ቦርሳዋን እየጎተተች ትሮጣለች፣ ለዘበኛው "እማዬ መጣች!" ብላ ታበስራለች። ይህ የላኪዋ የቀኑ ትልቅ ደስታ መሆን ነበረበት። ደስታም ነበር፤ ግን ልጅቷ አንገቷ ላይ በተጠመጠመች ቁጥር በዚያው ሰዓት አስፋልት ላይ የቆሙት እግሮች ይታዩዋታል። ይህን ደስታ የተቀበለችው ከማን እንደሆነ ታውቃለች። ያለ ፈቃዳቸው ነው የወሰደችው።

አንድ ጠዋት ቆርጣ በዋናው በር መጣች። እነግራቸዋለሁ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ ብላ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስታጠና ነው የመጣችው። ጋሽ ዝግታ አንዱን መኪና ወደኋላ እያስገቡ ነበር። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

"ልጄ! ፉርጎው እንዴት ነው? ሰዉ ፍሬን ላይ አይንገላታም?"

"ደህና ነው ጋሼ።"

"ሚጢጢዋስ? ማንበብ ጀመረች?"

"ጀምራለች... ጋሼ፣ እኔ..."

"ነይ እስቲ ጥላ ውስጥ ግቢ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች" አሉና ራሳቸው የሚከለሉበትን ካርቶን አናቷ ላይ ያዙላት። በካርቶኑ ጥላ ሥር ቆማ የተጠናው ቃል ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። "እንዳይረፍድብኝ" ብላ ሮጠች። የኋላውን በር ያወቀችው ከዚያ ወዲያ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ቀን የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። ሰዉ ከአፍ እስከ ገደፍ ሞልቷል። ጥይት ምሳ ሊበላ ወርዶ፣ ላኪዋ እሱን ተክታ በቀኝ በኩል ቆማለች፤ በጋሽ ዝግታ ቦታ፣ የጋሽ ዝግታን ጓንት አድርጋ። የሥራ መገናኛ ሬድዮዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ቀና ስትል ከሰልፉ መሀል አየቻቸው። የዕረፍት ቀናቸው ነበር። ሰደርያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትተው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ የልጃቸውን ልጅ እጅ ይዘው ቆመዋል። የምትሸሸግበት አልነበረም፤ መሳፈሪያ ላይ የኋላ በር የለም። ተራቸው ደረሰ።

"ጋሼ! ምነው ሰልፍ? በጎን አይገቡም ነበር?"

"ሰው ሁሉ ተሰልፎ እኔ ምን ቆርጦኝ" አሉ። "ደግሞ ፈጥኗል፣ እውነቴን ነው። በእኔ ጊዜ ሰዉን ፀሐይ ይበላው ነበር።"

አመሰገኗት! ላኪዋ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። መቀመጫውን አሳየቻቸው፣ ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ጉልበቶቿን ገጥማ ብረቱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከፍርሃቷ የተነሳ አፏ አላርፍ አለ።

"አያቴ እዚህ ነበር የሚሠራው፣ ታውቂያለሽ? በጣም ዝግ ስለሚል ነው መኪና እንዲጠብቅ ያደረጉት።"

"ዝም በይ አንቺ" አሉ ጋሽ ዝግታ። ከዚያ ላኪዋ ብረቱን ለመሳብ ስትጎነበስ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አትጨነቂ ልጄ። ደብዳቤውን የሰጠኝ ሰው ያልሽውን ያኔውኑ ነግሮኛል። ምንም አልዋሸሽም፤ እኔው ያልኩትን ነው የደገምሽው።"

በነገር ቢወጓት ይቀላት ነበር። ቢሰድቧት፣ ፊታቸውን ቢያዞሩባት፣ እሱን ትችለዋለች። በቃላቸው ውስጥ ግን መርዝ ፈልጋ አጣች። ያውቁ ነበር ማለት ነው። ካርቶኑን አናቷ ላይ ሲይዙ ያውቁ ነበር፤ በቆሻሻ ገንዳ በኩል ስትሸሽ ያውቁ ነበር።

ብረቱን ሳበች። ቀጭ አለ። በግራ በኩል ያለው ጎረምሳ አውራ ጣቱን ካነሳ ቆይቷል፤ የሷን ጣት ይጠብቃል። እሷ ግን እንደገና ሳበች። የልጅቷንም ሁለቴ ሳበች። ወደሚቀጥለው ረድፍ ሄደች፣ ሁለቴ። ከዚያ በግራ በኩል ዞራ ጎረምሳው የጨረሳቸውን ጀመረች። "እኔ አይቻቸዋለሁ እኮ" አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። አንድ ፉርጎ መጥቶ ፍሬን ላይ ቆመ። ከኋላው ሌላው ቆመ። ሰዉ መጮኽ ጀመረ። ሬድዮው ተንጣጣ።

"ዘንዶ! ዘንዶ! ሁለት ፉርጎ ቆሞ እያየሁ ነው! ማነው የሚያዘገየው?"

ላኪዋ ቀና አለች። ሬድዮውን ተጫነች።

"እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ? ጥይት የት ሄዶ ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አለቃ። ያኔ ከአራስ ቤት ወጥቼ የመጣሁ ጊዜም የማዘገየው እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ናቸው የሸፈኑልኝ። ጉልበታቸው ታሞ አያውቅም። ሦስተኛው ፉርጎም ምንም አልፈየደም፤ ሒሳቡን የሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ላይ ያሳበብኩትም እኔ ነኝ። ሰልፉ ያጠረው መሳቡን ግማሽ ስላደረግነው ነው።"

ያ ሬድዮ በየቦታው ነው ያለው። በር ላይ ያሉት ሰሙ፣ ድንች ጠባሾቹ ሰሙ፣ መኪና ማቆሚያው ሰማ። 

"ቢሮ ነይ!" አለ አቶ ፈጠን።

"እሺ፤ ይኼንን ልላክና።"

"አሁን ነው ያልኩት!"

ድምፁን ቀነሰችው። ጋሽ ዝግታ ብረታቸውን ታቅፈው ሽቅብ ያዩዋታል። ዓይናቸው ረጥቧል፤ ከፀሐዩም ሊሆን ይችላል።

"ጉልበቴን ምነው አጋለጥሽብኝ?" አሉ። "ስንት ዘመን ያነከስኩትን!" ከዚያ ልጅቷን አየት አደረጉና ወደ ላኪዋ መለስ አሉ። "በይ ላኪን። ልጅቷ ላብ በላብ ሆነች።"

ላኪዋ አውራ ጣቷን አነሳች። ጎረምሳው ቁልፉን ተጫነ፣ ሰንሰለቱ ፉርጎውን ያዘ፣ ሽበታሙ ማጅራታቸው እያነሰ እያነሰ ሄደ። የሚቀጥለው ፉርጎ ገባ። አወረደች፣ አስቀመጠች፣ ሁለቴ ሳበች፣ ላከች። ሦስተኛው፣ ቀዩ፣ ገባ። አቶ ፈጠን ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ይሰማታል። ነገ የት እንደምትሆን አታውቅም። ምናልባት እሷም አስፋልቱ ላይ ነች፤ ምናልባትም ልጇ ከዘበኛው ጋር ድንጋዩ ላይ። ያም ሆኖ ያለችውን ቃል ልትመልሰው አልፈለገችም።

የእነ ጋሽ ዝግታ ፉርጎ ዞሮ መጣና ቀዩ መሳፈሪያውን ስለያዘው ፍሬን ላይ ቆመ። ልጅቷ ፀጉሯ ተበትኖ "ደግመን! ደግመን!" ትላለች። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች መነጫነጭ ጀመሩ። ጋሽ ዝግታ ብረት ታቅፈው፣ አናታቸው ላይ ፀሐይ ወርዶባቸው፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፤ ሳይጮኹ ለመነጋገር የሚበቃ ቅርበት ነበር። ሁለቱም የትም መሄድ አይችሉም። እሷ ባመጣችው ፉርጎ ምክንያት ነው ፀሐይ ላይ የተቀመጡት።

"ስንት ሰው እንደቆመ ታያለሽ?" አለ አቶ ፈጠን ከኋላዋ፣ እያለከለከ።

"አያለሁ" አለች። እጇ ይጣደፍ ጀመር። አንዱን ረድፍ አንዴ ስቤ ልለፈው፣ ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ናቸው አለች በልቧ፤ አንዴ ስባም አለፈችው።

ጋሽ ዝግታ ከብረቱ ሥር አንድ እጃቸውን አወጡ። መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው አየሩን ዝቅ ዝቅ አደረጉላት። ምሕረት ይሁን፣ የሥራ ትምህርት ብቻ ይሁን፣ ፊታቸው አይናገርም። ለመጠየቅም አልደፈረችም። ጓንቱን አጠበቀችና ያለፈችውን ረድፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሳበችው።